ሞተር ይውረድ ወይስ ይቆይ?

አዲስ አበቤ ዕቃ መጣል አይሆንለትም። መኪናው ሲደክም ሞተር ያስወርዳል፤ ኮቱ ሲነጣ ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ያስገለብጣል፤ ጫማው ሲተረተር ሊስትሮው ዘንድ ቁጭ ብሎ ያሰፋል። ጨርሶ ነፍሱ የወጣ ብረት እንኳ ወደ መቃብር አይሄድም፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ፣ ተቀጥቅጦና ተበይዶ፣ ምድጃ ሆኖ ይነሣል። ይህን ንፉግነት የሚሉት አሉ። እኔ ግን የኑሮ ትምህርት እለዋለሁ። ዕቃው ከባሕር ማዶ በውድ ምንዛሪ ተገዝቶ በሚመጣበት አገር ብልህ የሚባለው የሚጠግነው እንጂ የሚጥለው አይደለም።

እንግዲህ ኮምፒውተር የሚሉት ዕቃ ከቤታችን ከገባ ወዲህ በዚያው ዓይን ብናየው አይፈረድብንም። ሲዘገይብን መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው "ፕሮሰሰሩ ይቀየርለት" የሚለው ነው። ይህ አባባል ለ"ሞተሩ ይውረድ" የእህት ልጅ ነው። ችግሩ ኮምፒውተር መኪና አለመሆኑ ነው። መኪና ሲያመው ያጨሳል፣ ይንኳኳል፣ ዘይት ያፈስሳል፤ መካኒኩም ጆሮውን አስጠግቶ ሕመሙ የት እንደሆነ ይነግርዎታል። ኮምፒውተር ግን አመመኝ አይልም። ዝም ብሎ ይዘገያል።

ካራ ከሚገኘው ቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠው ዴስክቶፕ የዚህ ክርክር ምክንያት ሆኖ ከርሟል። የሠሪውን ስም ብጠራ ማስታወቂያ ስለሚሆንብኝ ልተወው። አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎት ጨርሷል ብሎ ያሰናበተው፣ እኔ ደግሞ ገና ብዙ ይቀረዋል ብዬ የተቀበልኩት ማሽን ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ 3-3220 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከር የድሮ ዓይነት።

ይህ ማሽን ሦስት ጌቶች አሉት። አንደኛው እኔ ነኝ፤ አማርኛ እጽፍበታለሁ። ሁለተኛዋ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት፤ እሷም ብቻዋን አይደለችም፣ ኮምፒውተር የሌላቸው ሁለት የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ አብረዋት ይቀመጣሉ። ሦስተኛው የእህቴ ልጅ ነው፤ የሰርግ ቪዲዮ እየቆረጠና እየቀጠለ ለሰርገኞች ያስረክባል፤ እንጀራው ነው። ሁሉም በየፊናው ያማርራል። ኪሴ ውስጥ ያለው ገንዘብ ግን አንድ ዕቃ ብቻ ይገዛል።

የእህቴ ልጅ አንድ ቀን መገናኛ ደርሶ ተመለሰና "ጋሼ፣ አገኘሁልዎት!" አለኝ። ያገኘው ያገለገለ ኮር አይ 7-3770 ነበር። ከእኛው ፕሮሰሰር ጋር የአንድ ትውልድ ልጅ ስለሆነ በዚያው ማዘርቦርድ፣ በዚያው 1155 መንካኪያ ባለው ሶኬት ላይ ይቀመጣል። አንድ ትውልድ ከፍ ቢል ኖሮ ሶኬቱ ባለ 1150 ይሆንና አይገጥምም ነበር። በፕሮሰሰር ዓለም ዝምድናን የሚወስነው ሶኬት ነው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ አማላጅ ቢላክም አይሆንም።

ስለዚህ ዕቃ ጥቂት ልበል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው 4004 የተባለው የመጀመሪያ ማይክሮፕሮሰሰሩ 2300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። የእህቴ ልጅ በመዳፉ ይዞ ሊያመጣው ያሰበው ደግሞ 1.4 ቢሊዮን ያህል አሉት። ከኢንቴል መሥራቾች አንዱ የነበረው ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 ይህ ቁጥር በየዓመቱ እየታጠፈ እንደሚሄድ ጽፎ፣ በ1975 ደግሞ ስሌቱን በየሁለት ዓመቱ ወደሚለው አስተካከለው። ስሌቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለሠራ ዓለም ሁሉ አንድ ልማድ ለመደ፤ ኮምፒውተር ቢዘገይብህ አዲሱን ፕሮሰሰር ጠብቅ የሚል። እንዲያውም ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1992 "ኦቨርድራይቭ" በሚል ስም፣ አሮጌ 486 ማሽን ያላቸው ሰዎች ገዝተው የሚገጥሙት ፕሮሰሰር ይሸጥ ነበር። የሞተር ማውረዱን ሐሳብ ያመጣነው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

የሁለቱ ፕሮሰሰሮች ልዩነት ግን እንደ ድሮው በፍጥነት አይደለም። የእኛው በሰከንድ 3.3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል፤ አይ 7 የተባለው 3.4 ቢሊዮን፣ ሲጣደፍም እስከ 3.9። ልዩነቱ በጉልበተኞቹ ብዛት ነው። የእኛው ሁለት ኮር አለው፤ ያኛው አራት። በእያንዳንዱ ኮር ሁለት ሁለት ሥራ ስለሚያዝ ያኛው በአንድ ጊዜ ስምንት ሥራ ሲይዝ የእኛው አራት ይይዛል። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ። ነገር ግን ተረቱ እውነት የሚሆነው ሥራው ለብዙ ሰው የሚከፋፈል ሲሆን ነው። ጤፍ አጨዳ ለአራት ሰው ይከፋፈላል፤ ደብዳቤ መጻፍ ግን አይከፋፈልም፤ አንድ ብዕር ለአራት ይዘው ቢጽፉ ወረቀቱን ይቀዱታል እንጂ ቶሎ አይጨርሱም።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ የሕመሙን ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። ይህን ለማድረግ ሐኪም አያስፈልግም። ዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ማኔጀር የሚባል ሰሌዳ አለ፤ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ከመቶ ስንት እጅ እንደተያዙ በየሰከንዱ ያሳያል። ማሽኑ ተነሥቶ ዓይኑን እስኪገልጥ ቡና ተፈልቶ በሚጠጣበት ጊዜ ሰሌዳውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ፕሮሰሰሩ ከአንድ አራተኛ ጉልበቱ በላይ አይሠራም ነበር። ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ አልወርድ አለ። ልጄ የመለማመጃ ጥያቄዎቿን ስትከፍትም ያው ነው፤ እኔ ፋይል ስፈልግም ያው።

ምክንያቱን ስሌቱ ይነግረናል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሳሕን ነው፤ ይህ በሰከንድ 120 ዙር ማለት ነው። የሚፈለገው ጽሑፍ መርፌው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ ያም ከ4 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው። መርፌው ወደ ቦታው የሚጓዝበትን ጊዜ ሳንጨምር ነው ይህ። ለእኛ 4 ሚሊ ሰከንድ ዓይን ከመጨፈን ያንሳል። በሰከንድ 3.3 ቢሊዮን ጊዜ ለሚመታው ፕሮሰሰር ግን በዚህች ቅጽበት ውስጥ ከ13 ሚሊዮን በላይ ምቶች ሥራ ፈትቶ ቆሟል ማለት ነው። የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው አዲሱ ዲስክ ይህንኑ ጽሑፍ ከሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ በሆነ ጊዜ ያቀርባል።

የካራ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት የለበትም። ከካራ ፒያሳ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ እንበል፤ ግማሽ ሰዓቱ ከካራ መገናኛ፣ ግማሹ ከመገናኛ ፒያሳ፣ አንዱ ሰዓት ግን መገናኛ ላይ ታክሲ ስጠብቅ በሰልፍ ያለቀ ነው። አሁን ከካራ የሚያወርደኝን ሾፌር በእጥፍ በሚፈጥን ሾፌር ቢተኩልኝ የማተርፈው ስንት ነው? 15 ደቂቃ። ለዚያውም ቀድሜ ደርሼ በዚያው ሰልፍ ላይ ለመቆም። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስገነዘበው ነገር ከዚህ አይርቅም። የሥራውን አንድ ክፍል ብቻ ብታፈጥን፣ ጠቅላላ ትርፍህ ያ ክፍል ከጠቅላላው ከያዘው ድርሻ አያልፍም። የሰልፉ መድኃኒት ሾፌር መቀየር አይደለም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ብነግረው አዳምጦኝ ሲያበቃ "ጋሼ፣ የእርስዎ ሰልፍ የእኔ ሰልፍ አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው። የእሱን ሥራ ስናስነሣ ሰሌዳው ተገለበጠ፤ ዲስኩ ዝም ሲል ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ወጣና እዚያው አደረ። የተቆራረጠውን የሰርግ ፊልም አንድ ወጥ አድርጎ መጨመቅ እንደ ጤፍ አጨዳው ነው፤ ለብዙ ኮር ይከፋፈላል። አይ 7 ቢገባለት ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀው ሥራ በግማሽ ገደማ ሊያጥርለት ይችላል።

በእኛ ሠፈር ደግሞ ግማሽ ሌሊት ማትረፍ ተራ ነገር አይደለም። መብራት ይሄዳል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሲሄድ ከማታ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሲጨመቅ ያደረው ሰርግ አብሮት ይሄዳል፤ ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ ስትል ይቆማል። ዩፒኤስ የተባለው ባትሪ ደቂቃዎች ያቆያል እንጂ ሰዓታት አያቆይም። ስለዚህ ልጁ ፍጥነትን የሚፈልገው ለቅንጦት አይደለም፤ መብራት ሳይሄድ ለመቅደም ነው። ይህን ክርክር የሚረታ መልስ አልነበረኝም።

የነበረኝ ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ሙቀት። የእኛው ፕሮሰሰር ሊበላ የሚችለው ኃይል እስከ 55 ዋት ነው፤ አይ 7 ደግሞ 77። ትርፉ ሁሉ ሙቀት ሆኖ በማራገቢያው መውጣት አለበት። ካራ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ጥግግት ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ያነሰ ሙቀት ይሸከማል። ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች የሚያስነሡት አቧራ ሲጨመርበት፣ ከእንጦጦ ተራሮች የሚወርደው ብርድ ለእኛ እንጂ ለማሽኑ አይደርስለትም። አንድ እሑድ ሣጥኑን ከፍተን አቧራውን አራገፍን፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ለዓመታት ደርቆ ቅርፊት የሆነውን ቅባት ጠርገን አዲስ ቀባን። ማራገቢያው ጩኸቱን ቀነሰ። የዋጋው ነገር ከአንድ ሁለት ማኪያቶ አይበልጥም። ፕሮሰሰር ለመቀየር ላሰበ ሁሉ ከዚህ እንዲጀምር እመክራለሁ። ሲከፍትም ይጠንቀቅ፤ በዚህ ዓይነት ሶኬት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑት እግሮች ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። እነርሱ ከጎበጡ ፕሮሰሰሩ ተርፎ ማሽኑ ይሞታል።

ሁለተኛ፣ የዘመኑ አጥር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ወገን በይፋ የሚቀበለው በመሠረቱ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። የእኛው ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ አይ 7 የተባለውም እንዲሁ ሦስተኛ ትውልድ። ጉልበቱ ቢጨምርም የትውልድ ዘመኑ አይለወጥም። በእርግጥ ሊኑክስ የተባለው ነጻ ሥርዓት አሮጌ ነው ብሎ በሩን አይዘጋም፤ የልጆቹን ልምምድና የእኔን አማርኛ እሱ ላይ ማድረስ ይቻላል። የእህቴ ልጅ የለመደው የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ግን ዊንዶውስ ይፈልጋል። እንግዲህ አይ 7 ለእሱ የሚገዛለት ዕድሜ አጭር ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ራሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ያገለገለውም ጭምር፣ ያንን ተከትሎ ሄዷል። ዛሬ ያወጣሁትን ብር ነገ መልሼ በዚያው ዋጋ የማገኝ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ ከክርክሩ አወጣሁ። አማርኛ ለመጻፍ ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስቀመጥ ሲደክሙ ኤሌክትሪክ እንኳ አልጠየቁም። በኮምፒውተርም ቢሆን ያንገላታን ጉልበት ማጣት አልነበረም፤ ስምምነት ማጣት ነበር። በአንዱ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የቁራ ጭረት ይሆን ነበር። ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ ካገኘ በኋላ ነው። እኔ የምጽፈውን ይህ ማሽን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይችለዋል።

የልጆቹ ነገር ግን ቀነ ቀጠሮ አለው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተማሪዎቹ ከፊሉ ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ወሰዱ። ከሁለቱ የጎረቤት ልጆች አንዷ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ማውሱን ከጠረጴዛው አንሥታ በአየር ላይ ነበር የምትገፋው። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ፊዚክስ ለልጄ የምታስረዳት እሷ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ መልሱን እያወቀች በማሽን መባዘን ደቂቃ እንድታጣ አልፈልግም። ልጆቹ ማታ ማታ ያላቸው አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሩቡ ማሽኑ እስኪነቃ በመጠበቅ ያልቅ ነበር። "አባዬ፣ እስኪከፈት ድረስ አንድ ምዕራፍ በደብተር እናነባለን" ትለኝ ነበር ልጄ፣ እንዳልከፋ።

ካራ በአማርኛ ቢላዋ ነው፤ በኦሮምኛ ድምፁን ጠበቅ ላላ አድርገው ሲጠሩት መንገድም ይሆናል፣ በርም ይሆናል። የመንደሬ ስም ከየትኛው እንደመጣ የሚያውቁት ይንገሩን፤ ለውሳኔ ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። መቁረጥም፣ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚኬድ ማየትም። እኔ የቆረጥኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ማሽን ነገ ከነገ ወዲያ ሲሞት ከምገዛው ዕቃ ውስጥ ወደሚቀጥለው ማሽን የሚሻገረው የትኛው ነው? ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ጋር ይቀራል። ራሙም ዓይነቱ ስለሚለወጥ ይቀራል። ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን ተነቅሎ፣ ያለውን እንደያዘ፣ ሌላ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ሥራውን ይቀጥላል።

የ240 ጊጋባይት ኤስ.ኤስ.ዲ. ገዛሁ። አሮጌው ዲስክ አልተጣለም፤ የሰርግ ፊልሞች ማከማቻ ሆኖ እዚያው ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። አሁን ማሽኑ ባለቤቴ ቡናውን ቆልታ ሳትጨርስ ይነሣል። ልጆቹ የሚቀመጡበት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ይህ ውሳኔ ዋጋ አላስከፈለም ማለት ግን አይደለም፤ የከፈለው የእህቴ ልጅ ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ. ለሱ ሥራ የሚጠቅመው ፊልሙን ሲከፍትና ሲቆርጥ ነው፤ የሌሊቱ ጭመቃ እንደ ድሮው ሌሊት ይፈጃል። በጥር ሦስት ሰርግ ተጠይቆ ለማድረስ እንደማይችል አውቆ አንዱን መለሰ። ጥር ላይ ሰርግ መመለስ ለዚህ ሙያ ሰው በመኸር ወቅት በሬ እንደማጣት ነው። አላኮረፈኝም። ከሁለቱ ሰርጎች ካገኘው ከፊሉን በባለቤቴ እጅ አስቀመጠ፤ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ ያገለገለ ማሽን እስኪሞላለት ድረስ በየሰርጉ እየጨመረ ይሄዳል። የእኔም ድርሻ እዚያ ላይ ይገባል፤ የልጆቹ ፈተና በክረምት መግቢያ እንዳለፈ የሱ ተራ መሆኑን ሁላችንም ተስማምተናል።

እርስዎም ቤት ዴስክቶፑ አርጅቶ "ሞተሩ ይውረድ" የሚል የእህት ልጅ ካለ ምክሩን አይናቁበት፤ ምናልባት የእርስዎ ሥራ የእሱ ዓይነት ይሆናል። ብቻ ብሩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት አንድ ማታ ሰሌዳውን ከፍተው ይቀመጡ። ፕሮሰሰሩ ነው የሚያልበው ወይስ ዲስኩ? ሣጥኑስ መጨረሻ የተጠረገው መቼ ነው? የሚገዙት ዕቃ ከማሽኑ ጋር ይቀበራል ወይስ ይሻገራል? ከዚያ በኋላ ያለው የአርስዎና የቤተሰብዎ ጉዳይ ነው፤ በተለይም ማን ተራውን እንደሚጠብቅ መወሰኑ። እሱን የሚያሳይ ሰሌዳ ገና አልተሠራም።